የጣሪያ አናት ሲያፈስ፦ ሬንጅ፣ ቴፕ ወይስ አዲስ ክዳን?

ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች ጣሪያ ሲያፈስ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አናቱ ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች ተገናኝተው የታጠፈ ክዳን ቆርቆሮ የተደፋባቸው መስመር ማለቴ ነው። በተለይ የእናንተ ክዳን አልቆ የጎረቤት የሚጀምርበት ቦታ። እዚያ ላይ ሁለት ባለቤት፣ ሁለት አናጢ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓይነት ቆርቆሮ ይገናኛሉ።

ባሕር ዳር ውስጥ ግንቦት ላይ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ "ጣሪያዬ ያፈሳል" ብትሉ፣ ቶሎ የሚወጣላችሁ ሬንጅ ነው። "ጋሼ፣ ይቺን ቀባ ቀባ ያድርጉባት፣ አለቀ።" አያልቅም። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ለመቀባትም ባለሙያ አያስፈልገውም። ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። 6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲበርድ ይመለሳል። የደረቀ ሬንጅ ይህን አይችልም። ሌላም ጣጣ አለው፦ በኋላ ደህና ጥገና ልሥራ ብትሉ ያን ሁሉ መፋቅ ግድ ነው። ሐምሌ ላይ ውሃ አልጋ ላይ ሲንጠባጠብ ለማስታገሻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ሲሚንቶ ልምረግበት የሚል ግንበኛ ከመጣ ደግሞ አመስግናችሁ ሸኙት። እሱም በዚያው ምክንያት ይሰነጠቃል።

ሲሊኮን ይሻላል፣ ግን ዓይነት አለው። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ለቆርቆሮ አይሆንም፤ አሲዱ የዚንኩን ልባስ ይበላዋል። "ኒውትራል" የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ። ለብሎን ራስና ለትንሽ ቀዳዳ ጥሩ ነው። አናቱን ከዳር እስከ ዳር በሲሊኮን መሙላት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ቴፕ የምለው ከሥሩ የሚጣበቅ ሬንጅ፣ ከላዩ አሉሚኒየም ያለውን ጥቅል ነው። አሉሚኒየሙ ፀሐዩን ስለሚከላከልለት ከሚቀባው ሬንጅ የተሻለ ዕድሜ አለው። ቦታው በብረት ብሩሽ ካልተፋቀና ክው ብሎ ካልደረቀ ግን አይዝም። የተነሳ ክዳንንም ይዞ አያስቀምጥም። ያ የሚስማሩ ሥራ ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘባችሁ መሄድ ያለበትም እዚያ ነው።

ሞራሌው ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ሚስማሩ ቀስ እያለ ብቅ ይላል፣ ክዳኑ ይላላል፣ ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። መልሶ በመዶሻ መምታት ዋጋ የለውም፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ አንዴ ሰፍቷል። ሚስማሩን ነቅሎ ጎማ ባለው፣ ወፈር ረዘም ባለ ብሎን መተካት ነው። ስትገዙ ጎማውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ተጭኖ ከተመለሰ ውሰዱት፤ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ተዉት። አናጢው ሲያጠብቅ ጎማው ከብረቱ ሥር ትንሽ ወጣ ሲል ይቁም። ተጨፍልቆ ከተዘረጋ ዞሮ ይቀደዳል። ብሎኑ የሚገባው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም።

ክዳኑ ራሱ ከዛገስ? በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ስታደርጉት ከገባ፣ ቴፕም ብሎንም አያድነውም። አዲስ ግዙ። አዲስ ክዳን ከቴፕ ጋር ሲነጻጸር ውድ ይመስላል። ግን አናጢው ለሁለቱም ያው መሰላል ነው የሚወጣው፣ የቀን ሒሳቡም ያው ነው። ስለዚህ ያረጀ ክዳን ላይ ቴፕ መለጠፍ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ መክፈል ነው። ስትገዙ የጌጁን ቁጥር እዩ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 28 ከ32 ይሻላል ማለት ነው። ክዳኖቹ እርስ በርስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ። የመደራረቢያው አፍ ዝናብ ይዞ ለሚመጣው ነፋስ ጀርባውን ይስጥ። ቤታችሁ ከጣና ዳር ከሆነ ይህቺን ነገር ለአናጢው ደግማችሁ ንገሩት፤ ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስን የሚያበርድ ዛፍም ግንብም የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት በቀትር ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ውሃ በሞራሌው ላይ ተንሸራቶ ሌላ ክፍል ሊያንጠባጥብ ስለሚችል፣ ኮርኒሱ ላይ ያለውን እድፍ ብቻ አትመኑ። ደረቅ በሆነ ቀን ጠዋት ብቻ የምታዩት ጠብታ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር የሚቋጠር የሌሊት ላብ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የአየር መውጫ ጉዳይ ነው።

የቀረው ጎረቤት ነው። ክዳኑ የተበላው የጋራው ግድግዳ አናት ላይ ከሆነ ቡና ጠርታችሁ ተነጋገሩ፤ በአንድ አናጢ፣ በአንድ ቀን፣ ሳይቆራረጥ ይከደን፣ ወጪውንም በሜትር ተካፈሉ። የእሱ ቆርቆሮ ኢጋ (ጉብታው ማዕዘን ያለው)፣ የእናንተ ሞገድ (ጉብታው ክብ ክብ የሆነ) ከሆነ ከሁለቱም ቁራጭ ወይም ፎቶ ይዛችሁ ገበያ ሂዱ፤ የክዳኑ ጠርዝ በሁለቱም ቅርጽ ልክ መቆረጥ አለበት። አሁን አልችልም ካለ አትጣሉ። የእናንተን ቀይሩና በእሱ ክዳን ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አሳልፉት። ቴፑንም ለዚያች መገናኛ ብቻ ግዙ።