ቫትሲም ወይስ አይቫኦ፦ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር የት ልማር?

በበረራ ሲሙሌተር ላይ በበጎ ፈቃድ ትራፊክ መቆጣጠር ካማራችሁ ሁለቱ ስሞች መምጣታቸው አይቀርም፤ ሁለቱም የሲሙሌተር አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በኢንተርኔት የሚገናኙባቸው መረቦች ናቸው።

ወጪ፦ ሁለቱም ነፃ። የሚከፈለው ጊዜ ነው።

አጀማመር፦ ቫትሲም መጀመሪያ ያሠለጥናል፣ ከዚያ ማይክሮፎኑን ይሰጣል። አሠልጣኞቹም በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ አንዳንድ ቦታ ወረፋው ወራት ይፈጃል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው መከራ ነው! አይቫኦ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በኦንላይን የጽሑፍ ፈተና ይገኛሉ፤ የተግባር ፈተናው የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው።

ደረጃ፦ በቫትሲም ኤስ1 የመሬት እንቅስቃሴን ይይዛል፣ ኤስ2 ማማን (መነሣትና ማረፍን)፣ ኤስ3 አቀራረብን (ወደ ኤርፖርቱ የሚመጡትንና ከዚያ የሚወጡትን)፣ ሲ1 ደግሞ ሰፊውን የአየር ክልል። አይቫኦም ከማማ ወደ አቀራረብ፣ ከዚያም ወደ ሰፊው ክልል ይወጣል።

ስጋት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፓይለቱን «ወደ 5000 ጫማ ውረድ» ብላችሁት «4000» ብሎ ቢደግም፣ እዚያው ማረም አለባችሁ። አሠልጣኝ አብሮ ሲያዳምጥ ስህተቱ አያልፍም። ብቻውን የጀመረ ሰው ግን አምስት አውሮፕላን ሲደራረብበት በቀላሉ ያልፈዋል። ፈተና ማለፍና ጆሮ ማሠልጠን ለየቅል ናቸው።

ወረፋ መጠበቅ ከቻላችሁና ከሥር መሠረቱ መማር ከፈለጋችሁ ቫትሲም ይሻላል። እያነበቡ፣ እየሠሩ መማር ለሚቀናው፣ ቶሎ መጀመር ለሚፈልግም አይቫኦ።