ለመጀመሪያ ደመወዝ የሚመጥን የእጅ ሰዓት፦ ካሲዮ፣ ሴይኮ ወይስ ሲቲዘን?

የእህቴ ልጅ ሥራ በያዘ በአራተኛው ወር «ጋሼ፣ ለዘወትር የሚሆን ደህና ሰዓት ምረጥልኝ» ብሎ መጣ። ያጠራቀመው ገንዘብ ወደ ዶላር ሲመነዘር 150 ገደማ ነበር፤ ዕቃውን የሚያመጣለት ደግሞ ወደ ዱባይ የሚመላለስ ጓደኛው ነው። እኔም ለዓመታት በየተራ ያሰርኳቸውን ሦስት ሰዓቶች ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት፤ ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው፣ ሴይኮ ፋይቭ ኤስኤንኬ809 እና ሲቲዘን ቢኤም8180።

በሱቅ መብራት ሥር የማያምር ሰዓት የለም። ስለዚህ ሦስቱንም የመዘንኩለት ሰዓቱ ከተገዛ በኋላ ከባለቤቱ ምን ይጠይቃል በሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ የተማርኩት በመጀመሪያ ደመወዜ ከገዛሁት፣ ስሙን ከማላነሣው ወርቅማ ሰዓት ነው፤ ስምንት ወር ሳይሞላው ቅቡ ከማሰሪያው መቆለፊያ ጀምሮ እየተገፈፈ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ከላቤ ጋር እየተዋሐደ አንጓዬ ላይ ጥቁር ቀለበት ይተውልኝ ነበር።

ከካሲዮው ልጀምር። ኤፍ-91ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ ወጥቶ እስከ ዛሬ መልኩን ሳይለውጥ የሚሸጥ፣ 21 ግራም ብቻ የሚመዝን የፕላስቲክ ሰዓት ነው። አምራቹ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ እንደማይዛባና ባትሪውም ሰባት ዓመት ያህል እንደሚያገለግል ይገልጻል፤ ዋጋው ደግሞ ከያዝነው ገንዘብ ሩቡን እንኳ አይወስድም። የሌሊት መብራቱ በግራ ጥግ ያለች አንዲት ደካማ አረንጓዴ ነጥብ በመሆኗ በጨለማ የደቂቃውን ቁጥር ለመለየት ዓይን ማጥበብ ግድ ይላል። ከዚህ በቀር ከባለቤቱ የሚጠይቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ 25 ዶላር ብቻ ቢሆን ኖሮ ውይይቱ እዚሁ ላይ ያበቃ ነበር፤ ልጁ ግን ሱፍ ለብሶ ደንበኛ ፊት የሚቀመጥ ሠራተኛ ስለሆነ ገና ሲያየው ፈገግ ብሎ ወደ ጎን አደረገው።

የእኔ ልብ ያለው ሴይኮው ላይ መሆኑን አልደብቅም። ሴይኮ ፋይቭ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ «አምስት» የተባለው ለአምስት ተስፋዎች ነበር፤ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ መሆኑ፣ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ማሳየቱ፣ ውኃ መቋቋሙ፣ ሰዓት ማስተካከያው ቁልፍ በአራት ሰዓት አቅጣጫ ገባ ብሎ መቀመጡ፣ እንዲሁም አካሉና ማሰሪያው ጠንካራ መሆናቸው። ኤስኤንኬ809ን ገልብጣችሁ በመስታወቱ ጀርባ ብትመለከቱ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ብረት እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተወዛወዘ ሞላውን ሲጠመጥም፣ ከጎኑ ያለችው ትንሽ መንኮራኩር ደግሞ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ስትመታ ታያላችሁ። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ልጁ ይህን እያየ ሻዩ ቀዘቀዘበት።

ይሁን እንጂ ይህ ማሽን አመል አለው። ሞልቶ ከወለቀ በኋላ የሚሄደው 40 ሰዓት ያህል በመሆኑ፣ ዓርብ ማታ በ12 ሰዓት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሰዓት እሑድ ጠዋት በ4 ሰዓት ገደማ ይቆማል፤ በቁልፉ እያጠነጠኑ መሙላት ስለማይቻልም ሰኞ ማለዳ ነቅነቅ እያደረጉ ማስነሣት፣ ከዚያም ሰዓቱን፣ ዕለቱንና ቀኑን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። በቀን ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ቢቀድም ለእንዲህ ያለ ማሽን ከአምራቹ ወሰን ያልወጣ ጤናማ አካሄድ ነው፤ በሳምንት ሲደመር ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ዘይቱ ሲደርቅ ተፈትቶ መታጠብ አለበት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ለዚህ የሚጠይቀው ዋጋም ለሰዓቱ ከተከፈለው ብዙ ላይርቅ ይችላል። ይህ ሞዴል ከምርት ስለወጣ የሚገኘው ከቀሪ ክምችት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው አዲሱ የሴይኮ ፋይቭ ስፖርትስ ቤተሰብ በቁልፉ ይሞላል፣ ሲያስተካክሉት ሰከንድ ቆጣሪው ይቆማል፣ ውኃም እስከ 100 ሜትር ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ከእኛ አቅም በላይ ሆነብን። ሌላ ሰዓት ላለው ሰው ሴይኮውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ አንድ ብቻ ለሚኖረው ግን አልመክርም።

ሲቲዘኑ ሲታይ ድምፀ ዝቅተኛ ነው። ስፋቱ 37 ሚሊሜትር፣ ገጹ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭና ጉልህ ናቸው፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ከ13 እስከ 24 ያሉት በትንንሹ ተጽፈዋል። ኢኮ-ድራይቭ የሚባለው አሠራሩ ገጹን አልፎ የሚገባውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ያጠራቅማል፤ ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በጨለማ እስከ 180 ቀን ይሄዳል። የፀሐይ እጥረት በሌለበት አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ነዳጅ አይታየኝም፤ እጅጌው ዘወትር እየሸፈነው ከቆየ ግን መስኮት አጠገብ አውሎ ማስሞላት ተገቢ ነው። ኃይሉ ሲዳከም ሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ ያስጠነቅቃል፤ ይህን ብልኃት እወድለታለሁ። ጉድለትም አለበት፤ መስታወቱ ሳፋየር የሚባለውን ጠንካራ የሰዓት መስታወት ያህል ጭረትን አይቋቋምም፣ ሌሊት ጸጥ ባለ ክፍል የቆጣሪው ድምፅ ይሰማል፣ አብሮት የሚመጣው የጨርቅ ማሰሪያም ለሱፍ ልብስ አይመጥንም። ነገር ግን ስፋቱ 18 ሚሊሜትር ስለሆነ የቆዳ ማሰሪያ አግኝቶ መቀየር አያስቸግርም።

ባትሪ አለመቀየሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ሌላ ሰዓቴን መንገድ ዳር ባትሪ አስቀየርኩ፤ ሠራተኛው ጀርባውን በስለት ፈልቅቆ ከፈተ፣ በጠርዙ የሚዞረውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ሳያስተካክል መልሶ ገጠመው። በማግስቱ እጄን ታጥቤ ስወጣ ከመስታወቱ ሥር በሦስት ሰዓት በኩል ጤዛ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈው አየሁ፤ በወሩ የቀኑ መስኮት ዛገ። ያልተከፈተ ሰዓት ይህ አያጋጥመውም። በነገራችን ላይ ጀርባው ላይ «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ለእጅ መታጠብና ለዝናብ ካፊያ ያህል መሆኑን እንጂ ለዋና መፈቀዱን አያመለክትም፤ ሴይኮው በዚህ ወሰን ውስጥ ሲሆን፣ ሲቲዘኑ 100 ሜትር የተጻፈበት ስለሆነ ለዋናም ይበቃል።

በእኛ አቆጣጠር ለሚጠቀም ሰው የቀኑ መስኮት የራሱ ጣጣ አለው፤ ሻጮች ግን አያነሡትም። ቆጣሪዎቹን በ12 ላይ ስታሳልፏቸው ቀኑ የሚለወጥበትን ዙር ጠብቁና እርሱን የጠዋቱ 12 አድርጉት፤ አለበለዚያ ቀኑ ከሥራ ስትወጡ፣ ማታ በ12 ሰዓት ይለወጥባችኋል። በዚህ መልክ በተሞላ ሰዓት ላይ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በፍጥነት ማስተካከያው መንካት አይገባም፤ ጥርሶቹ ተያይዘው ሥራ ላይ ስለሆኑ ሊሰበሩ ይችላሉ። መንኮራኩሩ ሁልጊዜ እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ የሚስተካከለው ቀን በእኛ 13 ጊዜ ይስተካከላል፤ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ መስኮቱ 6ን ስለሚያሳይ ወደ 1 ለመመለስ 26 ጊዜ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። ካሲዮው ሰዓታችንን ይቀበላል፤ ወርና ቀናችንን ግን ፈጽሞ አይቀበልም፤ ሁለተኛውን ወር በ28 ይቆርጥብናል።

ስለ ፎርጂድ ዕቃ አጭር ምክር ልስጥ። እውነተኛውን ኤፍ-91ደብሊው በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ብትይዙት የአምራቹ ስም መስኮቱ ላይ ይወጣል፤ ይህ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በሌሎቹ ላይ ሰከንድ ቆጣሪው ከመስመሮቹ ጋር መግጠሙን፣ ዕለቱና ቀኑ በመስኮቱ መካከል መቀመጣቸውን፣ የጀርባው ጽሑፍ ጥርት ብሎ መቀረጹን ተመልከቱ፤ የዋስትና ወረቀቱም በሻጩ ማኅተም ይሞላላችሁ። ሴይኮ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚመጡት ላይ የዕለቱ ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ሊሆን እንደሚችል ቢያውቅ አይደናገጥም፤ በማስተካከያው የሚፈልገውን ቋንቋ ይመርጣል።

ልጁ ሁለት ቀን ሴይኮውን፣ ሁለት ቀን ሲቲዘኑን አስሮ ከቆየ በኋላ ሲቲዘኑን አስመጣ፤ በተረፈው ገንዘብም ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ ገዛለት። የመስከረም 1 ጠዋት ስልክ ደወለ፤ እንኳን አደረሰህ ከማለቱ በፊት «ጋሼ፣ በትክክል 26 ነው፤ ቆጠርኩት» አለኝ።