ድሬዳዋ ያላችሁ፣ የመኪና ኤሲ ያስለቀሳችሁ ሁሉ ይህን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ልጅ ጥሩት

ትላንት ማታ አባባ ጋቢና ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ የለም፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ድረስ እያንኮራፉ መጡ። ድሬዳዋን በሰኔ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቤት ደርሼም አልቀሰቀስኳቸውም፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ግቢ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ቤንዚኑ ይቃጠል! ከዚያ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ ምስጋናው ካደረ የሚቀዘቅዝ መሰለኝ።

አባባ 81 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር፣ እኛ ድሬዎች ሸመንደፈር በምንለው መሥሪያ ቤት፣ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲሞርዱና ሲያስተካክሉ ነው። አሁን ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪማቸውም ከሙቀት እንድጠብቃቸው አስጠንቅቆኛል። በወር ሁለት ጊዜ ለክትትል እወስዳቸዋለሁ። ስለዚህ ለእኛ ቤት የመኪና ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ይህን የምለው «መስኮት ክፈቺ፣ ነፋስ ይግባ» የሚሉ መካሪዎች ስለበዙብኝ ነው። በግንቦት ቀትር ደቻቱ ድልድይ ላይ ከባጃጅ ኋላ ቆማችሁ መስኮት ክፈቱና የሚገባውን ነፋስ እዩት።

ኤሲው የከዳን በሚያዝያ ነው። የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ሁሉም የልጆች አባት ናቸው፣ እንጀራቸውን አልነካም። የደረሰብኝን ግን ከመናገር አልቆጠብም።

የመጀመሪያዎቹ ኮፋኖውን ከፍ አድርገው ዘጉትና «የኤሲው ማቀዝቀዣ ጋዝ አልቋል» አሉኝ። ተሞላ፣ ከፈልኩ። በሳምንቱ ያው ሙቀት ተመለሰ። ሄድኩ፤ እንደገና «አልቋል» ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ተሞላ፣ ሦስት ጊዜ ከፈልኩ። በሦስተኛው «ይህ ሁሉ ጋዝ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብዬ ብጠይቅ «እናቴ፣ የድሬ ሙቀት ነው የሚጨርሰው» አሉኝ። ያን ዕለት አምኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ሁለተኛዎቹ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ብለው ፈረዱ፤ ጋዙን እየጨመቀ የሚገፋውን የኤሲውን ፓምፕ ማለታቸው ነው። ያገለገለ ሌላ ለመግጠም 42,000 ብር፤ እሱም ዛሬ ካልወሰድኩ ነገ የማይገኝ። «ወደ ሐረር ስንሄድ እኮ ደንገጎን ካለፍን በኋላ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ሐረማያ ሜዳ ላይ አባቴ ጋቢ ይጠይቃሉ» ብዬ ብናገር ተሳሳቁብኝ። አንደኛው «እሱ ኤሲው ሳይሆን አገሩ ነው የሚቀዘቅዘው» አለ። አብረውኝ የቆሙት ደንበኞች ሳይቀሩ ሳቁ። መኪናዬን አስነስቼ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴት ልጅ ስለ መኪና አፏን ስትከፍት የሚገጥማትን ሴቶች ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛዎቹ ከሁሉም ባሱ። መኪናዋን ሁለት ቀን አሳድረው ከመሪው ፊት ያለውን ሁሉ ነቃቀሉት። ስረከባት ኤሲው እንደ ድሮው ነው፤ ሬዲዮው ግን ሞቷል፣ ኤሲ ስከፍት የፊት መብራቱ ይደክማል፣ ፕላስቲኩ በየጉድጓዱ ላይ ይንቋቋል። የተረፉትን 7 ብሎኖች በላስቲክ ቋጥረው የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ አስቀምጠውልኛል። ብሎን እንዴት ይተርፋል? አባባ ብሎኖቹን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከስድብ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ልጅ የነገረኝ ጎረቤታችን ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ነው። «ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አለ» አለኝ። ተስፋ ሳይኖረኝ ደወልኩ። ከሰላምታ በኋላ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፦ «እትዬ፣ የሚሞቀው ስትቆሙ ነው ወይስ ስትሄዱም ነው?»

በሁለት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሐረሩን ታሪክ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «አዎ፣ ሲፈጥን ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋላ» አለና ጥቂት ዝም ብሎ «ከእንግዲህ ጋዙን ማንም እንዳይነካው። ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት እመጣለሁ፤ ረፈድ ካለ ብረቱ እጅ ያቃጥላል» አለኝ።

በ12 ሰዓት ከሩብ አንድ የሸራ ቦርሳ አንግቶ በር አንኳኳ። ቀድሞ የሄደው ወደ መኪናዋ አልነበረም፤ ኒሙ ዛፍ ሥር ወንበራቸው ላይ ወደተቀመጡት አባባ ሄዶ ትከሻቸውን ሳመ። ከዚያ ሞተር አስነሥቼ ኤሲውን እንድከፍት ነገረኝና ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ሰሙት? ኮምፕሬሰሩ ያዘ። ሞቷል ያሉት ሳያዳምጡት ነው።» ቀጥሎ ከፊት ለፊት ያለውን ማራገቢያ አሳየኝ። መዞር ሲገባው ቆሟል። ቆመን ስንጠብቅ ሙቀቱን የሚያስወጣው እሱ ነው አለኝ፤ እሱ ካልዞረ ግፊቱ ይጨምርና ኮምፕሬሰሩ ራሱን ለማዳን ይቋረጣል። ይህንን ያህል ገባኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ብጠየቅ አላውቅም።

አሁን ይህን ጽሁፍ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ሽቦ እየተከተለ ሳለ ቀና አለና «አባባ፣ እባክዎ ይህን የእጅ ባትሪ ይያዙልኝ፤ ያለኝ እጅ ሁለት ብቻ ነው» አላቸው። እኔ ደንግጬ «እኔ ልያዝልህ፣ የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል» ብዬ ተጠጋሁ። አባባ ተቆጥተው አዩኝ። ተነሥተው፣ ምርኩዛቸውን መኪናው ላይ አስደግፈው፣ ባትሪውን ተቀበሉ። ብርሃኑ በእርግጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ልጁ ግን አንድም ጊዜ «ወደዚህ ያድርጉት» አላለም። ብርሃኑ በሄደበት እጁን እያስከተለ ይሠራ ነበር። ይህንን ያየሁት ከኋላ ቆሜ ነው፤ ቡና ላፈላ ነው ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። የገባሁት ለቡና አልነበረም።

ስመለስ ሁለቱ እንደ ባልንጀራ ይከራከራሉ። ልጁ «ማሳው ነው ችግሩ» ይላል፤ ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ገመድ ማለቱ ነው። አባባ «እኛ ማስ ነበር የምንለው፤ ማሳ የጣሊያን ነው፣ ማስ የፈረንሳይ ነው» ይላሉ። ሸመንደፈር ውስጥ በፈረንሳይኛ እንደሠሩ ከነገሩኝ ስንት ዘመን ሆኗቸው ነበር! ከዚያ አባባ ብርሃኑን አንድ ጥግ ላይ አቁመው «ያ አረንጓዴ የሆነው መዳብ ምንድን ነው?» አሉ። ልጁ አጎንብሶ አየና «አገኙት፣ አባባ፤ ዝጓል» አለ። እሱ ቀድሞ አይቶት ይሁን አይሁን ዛሬም አልጠየቅሁትም።

የማራገቢያውን ሽቦም አይጥ በልቶታል። በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የአንዱ ፊውዝ ቦታ በመዳብ ሽቦ ታስሮ ተገኘ። ያ ትሑት ልጅ የተቆጣው ያኔ ብቻ ነው። «ፊውዝ ቀድሞ የሚቃጠለው መኪናውና ሰዎቹ እንዳይቃጠሉ ነው። ይህን ያሰረ ሰው አባባን ጋቢና አስቀምጦ ይሄድ ነበር?» አለ። እናንተም በማንም ምክር በፊውዝ ቦታ ሽቦ ወይም ከተጻፈበት ቁጥር የበለጠ ፊውዝ እንዳታስገቡ።

ቆረጠ፣ ፋቀ፣ ቀጠለ፣ ጠቀለለ። ማራገቢያው ድንገት ሲዞር አባባ «ሄደች!» ብለው ጮኹ፤ ባቡር የተነቃነቀ ይመስል። መብራቱ መድከሙን ተወ። ሬዲዮውም ተናገረ፤ ስለ ሬዲዮው አልነገርኩትም ነበር። ሲጨርስ ቦርሳውን አላነሣም። አባባን ጋቢና፣ ራሱን ከኋላ አስቀምጦ፣ መኪናዋ ቆማ ግማሽ ሰዓት አሠራት። «ቆማ ነው ያስቸገረችው፣ ቆማ ነው የምትፈተነው» አለ። እኔ በየአምስት ደቂቃው እጄን አየር መውጫው ላይ አደርጋለሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ አሁንም ቀዝቃዛ ነው።

የማይሠራውን ደግሞ አልሠራም አለኝ፤ ይህን እወድለታለሁ። ጋዙ ከልክ በላይ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው መጠን ኮፋኖው ሥር በግራም ተጽፏል፤ ጋዙን ስቦ በሚዛን የሚሞላ ማሽን ያለው ቦታ ይታይ፤ ቤት ውስጥ መክፈት ግን ቆዳንና ዓይንን በብርዱ ይጎዳል አለ። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳው ይፈለግ እንጂ በላዩ አይሞላም። ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ ሦስት ጊዜ ከፍዬባታለሁ!

የጠየቀኝ 800 ብር ነው። 42,000 ያሉኝን አስታውሼ 1,500 ሰጠሁት፤ 700ውን ቆጥሮ መለሰልኝ።

እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ኮምፕሬሰር ግዙ ከመባላችሁ በፊት ጥሩት፤ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ጥሩት። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ እሱም ፈቅዷል። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሠራል። አርብ ለጁምዓ ስለሚሄድ በቀትር አትደውሉለት። «አንዴ ብቻ እይልኝ» እያላችሁ በነጻ አታመላልሱት፤ ማየቱ ራሱ ሙያው ነው። ሴቶች፣ እናንተ በተለይ ጥሩት፤ የምትሉትን እስከ መጨረሻው ይሰማችኋል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባትሪውን እኛ ቤት ረስቶት ሄዷል። በባጃጁ ልጅ ልላክለት ብል አባባ አልፈቀዱም፤ ራሱ መጥቶ ይውሰድ፣ ምሳ በልቶ ይሂድ ብለዋል። ትራሳቸው ሥር አስቀምጠውታል። ይህን ካነበብክ፣ ልጄ፣ እሑድ እንጠብቅሃለን።