ጅማ ላይ ግማሽ ቀን ካላችሁ፦ ጅሬን ወይስ ሙዚየሙ?

ጅማ የመጣ እንግዳ ጊዜ ሲያጥረው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፦ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወይም መሀል ከተማ ያለውን ሙዚየም። የሁለቱም ታሪክ አንድ ነው። ቤቱ ኮረብታው ላይ፣ ዕቃው ከተማው ውስጥ።

እኔ ያለ ማመንታት ጅሬንን አስቀድማለሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። ለዐፄ ምኒልክ በመገበር የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። ይህን ሁሉ በወሬ ከመስማት ግቢው ውስጥ ቆሞ ማሰብ ይሻላል። የፎቁን የእንጨት ሥራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሰገነቱን፣ ምሰሶውን፣ የጠራቢውን እጅ። መስጊዱም እዚያው ነው። ከዚያ ዞር በሉና ቁልቁል ተመልከቱ። ያኔ ሂርማታ ይባል የነበረው ትልቅ ገበያ ነው የዛሬዋን ጅማ የወለደው። ነጋዴው ወደ ታች፣ ንጉሡ ወደ ላይ፤ አቀማመጡ ራሱ ይናገራል።

ደግሞ እንጨት ዝናብ አይወድም፤ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ ሞልቷል። ለዚህ ቤት ጥገና መቼም ሊቋረጥበት አይገባም።

ሙዚየሙ ዝናብ ከያዛችሁ ወይም ዳገት የማይችል ሰው ከእናንተ ጋር ካለ ጥሩ ነው። የአባ ጅፋር የግል ዕቃዎች እዚያ አሉ። የአካባቢው የእንጨት ሥራም አለ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከወደዳችሁት ገበያ ወጥታችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

ጅሬን ለመውጣት ጠዋቱን ምረጡ፤ በተለይ በክረምት።