ሙታን ምን ይፈልጋሉ? በስሚዝፊልድ የሚካሄድ የማታ የእግር ጉብኝት ግምገማ

ለንደን ውስጥ የሙት መንፈስ ታሪክ እየተተረከ የሚካሄድ የማታ የእግር ጉብኝት ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ጎብኚውን ከማስደንገጥ ያለፈ ዓላማ የለውም። በስሚዝፊልድና በክለርከንዌል ሰፈሮች የሚካሄደው ይህ ጉብኝት የሚለየው፣ በየፌርማታው አንድ ጥያቄ ስለሚያነሳ ነው፦ በዚያ ዘመን የኖሩ ሰዎች፣ ሙታን ተመልሰው የሚመጡት ምን ፈልገው ነው ብለው ያምኑ ነበር? የአዘጋጁን ስም ትቼ በይዘቱ ላይ አተኩራለሁ፤ በዚሁ መንገድ የሚያስጎበኙ ሌሎችም ስላሉ አንባቢ ለማወዳደር ሊጠቀምበት ይችላል።

መነሻው ከባርቢካን ጣቢያ ብዙ በማይርቀው በታላቁ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1123 በገዳምነት የተመሠረተ በመሆኑ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጥንታዊ እምነት ለመናገር የተመቸ ስፍራ ነው። አስጎብኚው ግን ቀድሞ ወደ ሮማውያን ይመለሳል። ሮማዊው ጸሐፊ ታናሹ ፕሊኒ በአንድ ደብዳቤው እንደተረከው፣ አቴና ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሰንሰለት ድምፅ የሚሰማበት ቤት ነበር። በኪራዩ ርካሽነት ተጠራጥሮ፣ ምክንያቱንም አጣርቶ የተከራየው ፈላስፋው አቴኖዶሮስ፣ ሲጽፍ ሳለ የአንድ ሽማግሌ መንፈስ መጥቶ በእጁ ሲጠራው፣ እሱም በእጁ «ቆይ» ብሎ ጽሕፈቱን ቀጠለ። በኋላ ተከትሎት ወጣ፤ መንፈሱ በተሰወረበት ቦታ ሲቆፈርም በሰንሰለት የታሰረ አፅም ተገኘ፤ አፅሙ በወጉ ከተቀበረ ወዲያ ቤቱ ሰላም ሆነ። እዚህ ሙቱ የጠየቀው መቃብር ብቻ ነው።

የመካከለኛው ዘመን ሙት ግን ጥያቄው በዝቷል። በ1400 አካባቢ በዮርክሻየር የባይላንድ ገዳም አንድ መነኩሴ የመዘገባቸው ታሪኮች አሉ፤ በአንዱ ታሪክ አንድ ልብስ ሰፊ በፈረሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቁራ፣ ቀጥሎም በውሻ መልክ የተገለጠ መንፈስ ያገኘዋል። መንፈሱ የለመነው ከውግዘት እንዲፈታለትና 180 ቅዳሴ እንዲቀደስለት ነው። ቁጥሩ ሲጠራ ከጎብኚዎቹ መካከል የሳቁ ነበሩ፤ ለፍትሐትና ለአርባ ቀን ተዝካር እንግዳ ያልሆነ ኢትዮጵያዊ ግን የሚስቅበት ምክንያት ያለው አይመስለኝም። ያን ጊዜ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የብዙዎች ነፍስ ወደ ገነት ከመግባቷ በፊት የምትነጻበት ስፍራ እንዳለ ታስተምር ስለነበር፣ ሙት ተመልሶ ዘመዶቹን ጸሎት መለመኑ ከትምህርቱ ጋር የሚስማማ ነገር ነበር።

የጉብኝቱ ዋና ድክመት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የተነሳው የፕሮቴስታንት ሃይማኖት ተሐድሶ ያመጣው ለውጥ በታሪኩ ሁሉ ትልቁ ሆኖ ሳለ፣ አስጎብኚው በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎት ስለ አንድ መጠጥ ቤት ቀልድ ወደ ማውራት ሄደ። በ1547 ለሙታን ቅዳሴ ይደረግባቸው የነበሩት መሥዋዕተ ጸሎት ቤቶች በሕግ ተዘግተው ሀብታቸው ለዘውዱ ገቢ ሆነ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም ነፍስ የምትነጻበት ስፍራ አለ የሚለውን ትምህርት ከንቱ ፈጠራ ብላ ሻረችው። ነፍስ ወዲያው ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ሙት ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ሰባኪዎቹ በሌሊት የሚታየው ነገር የሟቹን መልክ የለበሰ ጋኔን ነው ይሉ ጀመር። ትናንት የሚታዘንለት ሙት በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚባረር ጠላት ሆነ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን የራሱን ሙታን ማየቱን አልተወም፤ ይህ ክፍተት ሳይነገር ቀጣዩን ታሪክ በሙሉ መረዳት ያስቸግራል።

ቀጣዩ ታሪክ የኮክ ሌን ነው፤ አስጎብኚው ችሎታውን ያሳየውም በዚህ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ የ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ የቆመበትን ስፍራ የሚያመለክት በወርቅ የተለበጠ የሕፃን ልጅ ሐውልት አለ። ቤቱ ዛሬ ባይኖርም በ1762 ግን የለንደን መኳንንት ሳይቀሩ ይጋፉበት ነበር። የቤቱ ባለቤት ሪቻርድ ፓርሰንስ፣ ዊልያም ኬንት ከሚባል ተከራዩ 12 ጊኒ (የዚያ ዘመን የወርቅ ገንዘብ) ተበድሮ ሊከፍል ስላልፈለገ ተጣልተዋል። ከኬንት ጋር ትኖር የነበረችው ፋኒ በ1760 በፈንጣጣ ሞታለች። ከዚያ በፓርሰንስ ትንሽ ልጅ አልጋ ዙሪያ የማንኳኳት ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ አንድ ምት «አዎ»፣ ሁለት ምት «አይደለም» ተብሎ ሲተረጎምም፣ ፋኒ «ኬንት በአርሴኒክ መረዘኝ» ማለቷ ነው ተባለ። እንግዲህ የዚህች ሙት ጥያቄ ፍትሕ ነው፤ ምስክርነቷም አንድን ሰው ወደ ስቅላት ሊያደርሰው ይችል ነበር።

አስጎብኚው የታሪኩን መጨረሻ አንጠልጥሎ ይተወውና ክለርከንዌል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይጨርሰዋል፤ የፋኒ ሬሳ ሣጥን ያረፈው በዚያ ምድር ቤት ነበርና። መንፈሷ እዚያ ሣጥኑን እንደምትመታ ቃል ስለገባች፣ ታዋቂው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ያለበት የመርማሪዎች ቡድን በሌሊት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ቆይቶም ልጅቱ ትንሽ እንጨት ደብቃ ተገኘች፤ ፓርሰንስም የሁለት ዓመት እስራትና በአደባባይ የመቆም ቅጣት ተፈረደበት። ሕዝቡ ግን በመዝለፍ ፈንታ ገንዘብ አዋጣለት።

በሁለቱ ፌርማታዎች መካከል በኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚነገረው የ1804ቱ ታሪክ አጭር ቢሆንም ከሁሉ የሚከብድ ነው። በሃመርስሚዝ ነጭ የለበሰ መንፈስ ይታያል ተብሎ ሰፈሩ በተሸበረበት ሰሞን፣ ፍራንሲስ ስሚዝ የተባለ ሰው ጠመንጃ ይዞ ለጥበቃ ወጣ፤ ቶማስ ሚልውድ የተባለውን ግንበኛም ተኩሶ ገደለው። ሟቹ የለበሰው የሙያውን ነጭ ልብስ ነበር፤ ሰዎች መንፈሱ እንዳይመስላቸው ካፖርት እንዲደርብ ቀድሞ ተመክሮም ነበር። ስሚዝ ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ አንድ ዓመት እስራት ተለወጠለት። ሙት በነጭ ልብስ ይታሰብ የነበረው ድሆች ያለ ሣጥን በመግነዝ ብቻ ይቀበሩ ስለነበር ነው ሲል አስጎብኚው ያስረዳል። ይህን ባስረዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ነጭ አንሶላ የተከናነበ ተቀጣሪ ከጨለማ ዘሎ ወጣብን። አንድ ሰው በነጭ ልብሱ ምክንያት ተገደለ ብሎ ያሳዘነንን ታሪክ በዚህ ማበላሸት ምን ይባላል? አዘጋጁ ይህን ቢያስቀረው ጉብኝቱ ምንም አይጎድልበትም።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ቅርቡ ዘመን ነው። በ1848 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ከፎክስ እኅቶች ቤት የተነሳው ማንኳኳት ከኮክ ሌኑ ጋር ቢመሳሰልም፣ ያስከተለው ከሙታን ጋር የመነጋገር እንቅስቃሴ ግን ከሙታን ክስ ሳይሆን መጽናኛ የሚጠብቅ እንደነበር በደንብ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ አስጎብኚው መንፈስ ሲቀርብ ያመለክታል የሚባል፣ መብራት የሚበራበት የኤሌክትሮማግኔት መለኪያ ለጎብኚው ያድላል። መለኪያው ከመንገድ መብራት ምሰሶ አጠገብ ቢበራ ማን ይደነቃል? በዚህ ፈንታ በ1998 የታተመውን የቪክ ታንዲን ጥናት ቢያነሳ ይሻል ነበር። ኮቨንትሪ ውስጥ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ግራጫ ጥላ በጎኑ ያየው ይህ መሐንዲስ፣ በማግስቱ በማሰሪያ የያዘው የሻሞላ ስለት በራሱ ሲርገበገብ አይቶ ሲከታተል፣ ከአዲስ ማራገቢያ የሚወጣ 19 ኸርዝ ገደማ የሆነ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ አገኘ። ማራገቢያው ሲስተካከል ጥላውም ቀረ። ይህ ማብራሪያ ለሌላው ቤት ሁሉ ይሠራል ማለት ባይሆንም፣ መለኪያ ከማደል የበለጠ ያሳስባል።

ዋጋው ከ20 ፓውንድ በታች ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ለሚወስድ ጉዞ ተገቢ ነው። አስጎብኚው ሲናገር ስለሚፈጥን እንግሊዝኛ በቅርብ የጀመረ ሰው ይቸገራል፤ የኮብልስቶኑ መንገድም አረጋውያንን ያደክማል። ወደ ምድር ቤቱ መግባት በዚህ ጉብኝት ውስጥ የለም፤ ለማየት የሚፈልግ በቅዱስ ዮሐንስ በር ያለው ሙዚየም በቀን የሚያካሂደውን ጉብኝት ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። መለኪያው መታደል ሲጀምር አመስግኖ መሰናበት የሚያስነውር አይደለም፤ ፋሪንግደን ጣቢያም ከዚያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።