የፎራም መልቀሚያ ብሩሽ፣ ባለ ሦስት ዜሮ (000፣ ዜሮው ሲበዛ ጫፉ ይቀጥናል) (2 ዓመት ተጠቅሜበት)

ጀርመን ብሬመን ነው ዶክትሬቴን የምሰራው፣ ስራዬ የምስራቅ ሜዲትራኒያን ጭቃ ነው። እዚህ መጋዘን ውስጥ ከባህር ወለል በቱቦ የወጣ ጭቃ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተደርድሯል፣ ከሱ ትንሽ ቆርጠን በወንፊት አጥበን ስናደርቀው አሸዋ የሚመስል ነገር ይቀራል፣ በማይክሮስኮፕ ስታዩት ግን አብዛኛው ፎራም የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ዛጎል ነው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች። እነሱን አንድ በአንድ በብሩሽ መልቀም ነው። ማሽኑ የፈለገ ውድ ቢሆን የሚለካው ብሩሹ ያነሳለትን ነው።

መጀመሪያ ኦንላይን ርካሽ ባለ 10 ፍሬ ፓኬት ገዛሁ፣ ፀጉሩ ፕላስቲክ። አትግዙት። ዊንተር ላይ ማሞቂያ በርቶ አየሩ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ዛጎሉን ገና ሲነካው ተስፈንጥሮ ይጠፋል። አንድ ሳምፕል ላይ የባህሩ ወለል ላይ የሚኖሩት ፎራሞች 4 ብቻ ነበሩ፣ 2ቱ እንደዛ ጠፉብኝ፣ የዛን ቀን እራት አልበላሁም። ሳምፕሉ የጥቁሩ ጭቃ ጠርዝ ነበር እኮ። ከ10 ሺህ 800 እስከ 6 ሺህ 100 ዓመት ገደማ በፊት እኛ ደጋ ላይ ክረምቱ በጣም በርትቶ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ ቀላሉ ውሃ ባህሩ ላይ እንደ ክዳን ተኛበት፣ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን አጣ፣ ወለል ላይ ያሉት አለቁ፣ ሳይበሰብስ የቀረው ነገር ጭቃውን አጠቆረው። የሀገሬን ዝናብ ባህር ስር ማንበብ ማለት ነው፣ እና እዛ ቦታ ላይ 2 ዛጎል ማጣት ያማል።

አሁን ያለኝ የእንስሳ ፀጉር ነው፣ ኮሊንስኪ የሚሉት፣ ከሰዓሊዎች እቃ መሸጫ 9 ዩሮ። ጫፉን ውሃ አስነክታችሁ ዛጎሉን መንካት ብቻ ነው፣ ተለጥፎ ይነሳል፣ ሳይሰበር። ሩበር የሚባለው ዝርያ ሮዝ የሆነ አለው፣ ጫፉ ላይ ተቀምጦ በመብራቱ ስር ሳየው እስከዛሬ ደስ ይለኛል። ለማግኒዚየም ልኬት ለአንድ ሳምፕል 30 ገደማ እለቅማለሁ። የድሮውን ባህር ሙቀት ለማወቅ ዛጎሉ ውስጥ ያሉትን የኦክስጅን ዓይነቶች (ከባዱንና ቀላሉን) መለካት ብቻውን አይበቃም፣ የሙቀቱም በምድር ላይ የነበረው የበረዶ ክምርም የዓባይም ውሃ ምልክት ተደባልቆ ነው ያለበት፣ ዛጎሉ ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ግን በ1 ዲግሪ 9 ፐርሰንት ገደማ ስለሚጨምር ሙቀቱን ለብቻው ይነግረናል፣ ዛጎሉ ውስጥ ሸክላ ጭቃ ከቀረ ግን ውሸት ይሆናል፣ ስለዚህ ቆሻሻውን ገና ስትለቅሙ ለዩት።

ችግሩ ቶሎ ያልቃል፣ በየ4 ወሩ ጫፉ ይበተናል። ውሃ ኩባያ ውስጥ አቁማችሁት አትሂዱ ሙጫው ይለቃል፣ ጫፉን በምላስ ማሾልም ይቅር፣ አንዳንዱ ሳምፕል ፎርማሊን ነክቶታል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ሁለት ግዙ፣ አንዱን ለሮዞቹና ለትላልቆቹ፣ ሌላው ባለ አምስት ዜሮ ሆኖ 4 ብቻ ለቀሩበት ቀን ይቀመጥ።