ለሜሪላንድ ሙቀት ባሕር ዳር የተሰፋ ቀሚስ

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የምኖርበት የአሜሪካው ሜሪላንድ ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፤ ሌሊቱም እፎይ አያሰኝም። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ያለን ሴቶች የምናውቀው፣ ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚነድ የራሳችን እሳት አለ። አምስት ዓመት ሙሉ መላዬ ሰፊ ጥቁር ቲሸርት ነበር፤ ሆድ ይሸፍናል ብዬ። ዘንድሮ ለፋሲካ ባሕር ዳር ስገባ ታናሽ እህቴ አየር ማረፊያ ተቀበለችኝ። አገላብጣ ስማኝ ስታበቃ ራቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እታለም፣ ይህን ድንኳን ማን አለበሰሽ?» አለች።

ስለዚህ እዚያ የቆየሁበትን ሦስት ሳምንት ያሳለፍኩት ዘመድ በመጠየቅና ቀሚስ በማሰፋት ነው። ወቅቱም የተመቸ ነበር። የሜሪላንድ የሙቀት ወራት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥሙ፣ በሐምሌ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው የሚቀርብለት ጋቢና ሹራብ ነው። ሚያዝያ ላይ ግን ባሕር ዳር ራሷ ትግላለች፤ ልብሱ እዚያው ተለብሶ ይፈተናል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሲመሽ ከጣና በኩል ነፋስ ይመጣል፤ ለሜሪላንድ ሌሊት ግን ነፋስ የሚልክለት የለም።

መጀመሪያ የገባነው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ልብስ መደብሮች ወደ አንዱ ነው። ሻጯ ልጅ ሳንጠይቃት «እማማ፣ ለእርስዎ የሚሆን ይኸውልዎት» ብላ ከአንገቱ እስከ እግሩ በጥለት የተጥለቀለቀ፣ የሚያብረቀርቅ ሰፊ ቀሚስ ዘረጋችልኝ። እማማ! እትዬ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ ይህንኑ ሳመነዥክ እህቴ ከቀሚሱ ጠርዝ አንድ ክር መዘዘችና ደጃፉ ላይ ክብሪት ለኮሰችበት። ክሩ እንደ ላስቲክ ተኮማትሮ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ሠራ። ቀጥላ ከራሷ ነጠላ አንድ ክር መዘዘች፤ እሱ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነደደና በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ሆነ። ልጅቱ ምንም ሳትደነግጥ «ጥጥ ነው አላልኩም እኮ» አለች። እውነቷን ነው፣ አላለችም፤ የጠራችው ዋጋ ግን የጥጥ ነበር።

ጨርቁን ያገኘነው ከተማው ዳር ከሚኖር ሸማኔ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፍ ቆሜ አየሁት። የሸማ ስፋት ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ስለዚህ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት መጋጠሚያው የት እንደሚውል አስቀድማ ማሰብ አለባት። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ስለሆነ ወፈር ቀጠን ይላል፣ ጨርቁም ገላ ላይ አይለጠፍም። ሁለት ከተሸመነው መርጬ ሦስተኛውን አዘዝኩ። በልጅነታችን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ የሚሰደበው ባለሙያ ይህ ነበር። እኔ ተራ ጠብቄ ነው ያገኘሁት፤ በተባለው ቀንም አስረከበኝ።

ቅሬታዬ የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ላይ ነው። በፋሲካ ሰሞን መሄዴ የራሴ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም «አልችልም» ማለት ይቻላል። ማክሰኞ «ነገ»፣ ረቡዕ «ነገ»፣ ሐሙስ የስፌት መኪናው ተበላሽቷል፤ ቅዳሜ ጨርቄን እንደ ታጠፈ መለሰልኝ። አለመቁረጡን እንደ ውለታ ቆጠርኩለት። ፋሲካን የዋልኩት በእህቴ ቀሚስ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች።

ከበዓሉ በኋላ ጎረቤት ወደ ሌላ ሰፊ መራን፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ በእግር የሚረገጥ መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። «ግቢ ልጄ» አሉኝ። ከእማማ ወደ ልጄ በመመለሴ ብቻ ሒሳቡን በደስታ እከፍላለሁ አልኩ። ከመለካታቸው በፊት ጨርቁ ውሃ ውስጥ አድሮ እንዲደርቅ አዘዙ፤ የእጅ ሥራ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚገባ፣ ሳይነከር የተቆረጠ ቀሚስ በኋላ ለእህት ልጅ ነው የሚሆነው። ከዚያ በቁሜ ለኩኝና «አሁን ተቀመጪ» አሉ። ለምን ብላቸው «ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይ?» ወገቤ ስቀመጥ 6 ሴንቲ ሜትር ጨመረ። እሳቸው ጻፉት፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ምኑን ነው መሸፈን የምትፈልጊው?» አሉኝ። ሆዴን አልኳቸው። «ሆድሽን ስትሸፍኚ ትከሻሽንም ቀበርሽው እኮ።» የትከሻውን ስፌት በትክክል አጥንቱ ላይ አዋሉት። ከጡት ሥር ትንሽ እጥፋት ወስደው ከዚያ በታች ለቀቁት። አንገቴ አጭር ስለሆነ የቀሚሱን አንገት ወደ ታች ሹል አድርገው ከፈቱት፤ እጅጌውን ክርን ላይ አቆሙት። ጥለቱን ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ ፈትተው ከፊት ከላይ ወደ ታች አወረዱት፤ አጭር ሴት ላይ የግርጌ ጥለት እግርን እንደሚቆርጥ እስከዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም። ኪስ አውጡልኝ ብላቸው ዳሌ ላይ አይሆንም ብለው ተከራከሩኝና የጎኑ ስፌት ውስጥ ደበቁልኝ። ነጩ ጨርቅ ገላ እንዳያሳይ ለገበር አቡጀዲ አስገዙኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባለበት ከተማ አቡጀዲ ፍለጋ ሦስት ሱቅ መዞሬ ገርሞኛል። ለአንዱ ቀሚስ ስፌት የከፈልኩት ሜሪላንድ ዚፕ ለማስቀየር ከምከፍለው አይበልጥም።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሌሊት ያደርኩበት ሆቴል መኝታው ንጹሕ ነው፣ ቁርሱም ጥሩ። ልብስ አጣቢዎቹ ግን ነጭ ነው ብለው ቀይ ጥለት ያለውን ቀሚሴን በፈላ ውሃ አጠቡት፤ ቀዩ ለቅቆ ደረቱ ሮዝ ሆነ። ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ገንዘብም አላስከፈሉኝም። ቀሚሱን ግን ወደ ነጭነቱ አልመለሱልኝም። የእጅ ሥራ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ራሳችሁ እጠቡት። ባጃጅ ላይ ሳትወጡ ዋጋ ተነጋገሩ።

የቀሩት ሁለቱ አሁን ሥራ ላይ ናቸው። ይጨማደዳሉ፤ መኪና ውስጥ የደኅንነት ቀበቶው ደረት ላይ መንገድ ያወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ካውያ ይፈልጋሉ። ላቡን ግን ይጠጡታል፤ የአምስት ዓመቱ እሳትም ሲመጣ መውጫ ያገኛል። ጥቁሮቹን ቲሸርቶች እህቴ ለወለል መወልወያ አስቀርታቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት በሮዙ ምትክ አንድ እንዲሰፉልኝ በስልክ አስላክሁባቸው። ልኬቴ ደብተራቸው ላይ ስላለ መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ከወፈረች ሳልቆርጥ ትንገረኝ።»